ከአሠሪ ጋር የታሰረ ቪዛ

ሚያዝያ ሲገባ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የአፓርትመንት ግቢዎች በሣር ማጨጃ ጩኸት ይሞላሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንዱ ግቢ ቆሞ በስልክ አማርኛ ሲያወራ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ጎልማሳ ጠጋ ብለው «ያገሬ ልጅ፣ መኪናህን ፈቀቅ አድርግልን» አሉት። የቡድኑ ፎርማን ናቸው። አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ሪያድ ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛና አትክልተኛ ነበሩ። አብረዋቸው የሚሠሩት ሜክሲኮአውያን ወጣቶች ናቸው። «እኔ እዚያ ካፊል፣ ቪዛዬን በእጁ የያዘ አሠሪ፣ ነበረኝ፤ እነዚህም እዚህ አላቸው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መኪናው ፈቀቅ አለ፤ ነገሩ ግን ከጸሐፊው ራስ ፈቀቅ አላለም።

ወጣቶቹ የመጡበት ቪዛ ኤች-2ቢ ይባላል። ከእርሻ ውጭ ላለ ወቅታዊ ሥራ የሚሰጥ ሲሆን ትልቁን ድርሻ፣ ወደ 40 ከመቶ ገደማ፣ የሚወስደው የግቢ ማስዋብና የሣር እንክብካቤ ነው። ኮንግረስ የወሰነው የዓመት ጣሪያ 66,000 ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የበጀት ዓመታት መንግሥት በየዓመቱ 64,716 ቪዛ ጨምሮበታል። የሚያመለክተው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ከዚያ አሠሪ ሲለይ አሜሪካ ውስጥ የመቆየት መብቱም አብሮ ይናጋል።

«ሪያድ ሳለሁ ሰውየው ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር» ይላሉ ፎርማኑ። «የአሁኑ አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፣ የማንንም ፓስፖርት አይነካም። ምን ያደርግለታል? ልጁ ጥሎ ቢሄድ ሕገወጥ ይሆናል። ቁልፉ ወረቀቱ ላይ ነው።»

የዚህ ቪዛ የዘር ሐረግ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በፍሎሪዳ አንድ ትልቅ የስኳር ኩባንያ አሜሪካውያን ጥቁር ሸንኮራ ቆራጮችን በግድ አሠርቷል ተብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ክሱ የጁሪ አባላት አመራረጥ ጉድለት ነበረበት ተብሎ ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ከካሪቢያን ደሴቶች በጊዜያዊ ውል ሠራተኛ ማስመጣት ተጀመረ። አገሬው ሠራተኛ ሲከፋው ይጠፋል፤ የመጣው ግን ካጉረመረመ ወደመጣበት ይመለሳል። በዚያው በ1942 የጀመረው የሜክሲኮ «ብራሴሮ» ፕሮግራም ደግሞ እስከ 1964 ዘልቆ ከአራት ሚሊዮን በላይ ውሎች ተፈርመውበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠራተኞቹ ደሞዝ አሥር ከመቶው «ቁጠባ» ተብሎ እየተቆረጠ ወደ ሜክሲኮ ባንኮች ይላክ ነበር፤ ብዙዎቹ ሳያዩት ቀሩ። የሜክሲኮ መንግሥት አሜሪካ ለሚኖሩ ባለመብቶች ለእያንዳንዳቸው 3,500 ዶላር ለመክፈል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ ቆራጮችና ለቃሚዎች አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

ኤች-2 የተባለው ቪዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ሕግ ሆነ፣ በ1986 ለእርሻና ከእርሻ ውጭ ላለ ሥራ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለእርሻ ሠራተኛው አሠሪው ነፃ መኖሪያ ይሰጠዋል፤ ለሣር አጫጁ ይህ ግዴታ የለም። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ነፃ የሕግ አገልግሎቶችም የእርሻ ሠራተኛውን ይወክላሉ፤ ከኤች-2ቢ ሠራተኞች ግን እንደ ሰው ንግድ ሰለባነት ያለ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር የሚወክሉት የደን ሠራተኛውን ብቻ ነው።

ሌላው ማሰሪያ ዕዳ ነው። አሠሪም ሆነ ወኪሉ ከሠራተኛ የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበሉ ደንቡ ይከለክላል። የእኛም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ደላላ ግን አዋጅ አንብቦ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ጥናት ለደን ሥራ የተመለመሉ ጓቲማላውያን የቤታቸውን ወይም የመሬታቸውን ካርታ ለመልማዮች በመያዣነት መስጠታቸውን መዝግቧል።

«አንዱን ልጅ ‹ስንት ከፍለህ መጣህ?› አልኩት» ይላሉ ፎርማኑ። «ሳቀብኝ። ሁለተኛ ወር ላይ ነው የነገረኝ። ሰው ዕዳውን ቶሎ አይናገርም፤ ደላላው ያለው እናቱ ሰፈር ነዋ!»

ታዲያ የመንግሥት መርማሪዎች ‹ስንት ከፍለህ መጣህ?› ብለው ይጠይቃሉ? ጸሐፊው ያነጋገራቸው አንድ የፌዴራል ኃላፊ «ጥያቄውን በኢሜይል ላኩልን» አሉ። ተላከላቸው። መልስ አልመጣም።

ብዙ ድርጅቶች «ባርነትን አንታገሥም» የሚል መግለጫ አላቸው። የሚሻለው ግን ሠራተኛው እንደደረሰ፣ አለቃውና መልማዩ በሌሉበት፣ በገዛ ቋንቋው «ስንት ከፈልክ? ለማን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከፍሎ ከተገኘም ገንዘቡን መመለስ ነው። ይህን የሚያደርግ ድርጅት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጨረታው ላይ ደግሞ የአፓርትመንቱ አስተዳደር ዝቅተኛውን ይመርጣል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የቀጣሪው ብቻ አይደለም።

ሕጉ ጥርስ የለውም ማለት አይቻልም። የግዳጅ ሥራ እስከ 20 ዓመት ያሳስራል፤ ለማስገደድ ብሎ ፓስፖርት መያዝም እስከ 5 ዓመት። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ እስከ 60 ቀን የመቆያ ጊዜ አለው፤ አዲስ አሠሪ ካመለከተለትም ውሳኔውን ሳይጠብቅ ሥራ ይጀምራል። በ60 ቀን ውስጥ፣ በሥራው ወቅት አጋማሽ፣ እንግሊዝኛ ሳይችሉ አዲስ አሠሪ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ቤት የገዛችሁ፣ በነዋሪዎች ማኅበር ቦርድ የተቀመጣችሁ ወገኖች ከሣር አጫጅ ድርጅት ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሠራተኞቹን ማን እንደመለመላቸው፣ የመምጫ ወጪያቸውንም ማን እንደከፈለ ጠይቁ። የሚያሠጋ ነገር ካያችሁ የብሔራዊው የሰው ንግድ መከላከያ መስመር 1-888-373-7888 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ በአስተርጓሚም ከ200 በላይ ቋንቋዎችን ያስተናግዳል።