ራምዞር ላይ ስንቆም ማርሹን «ኤን» ላይ ማድረግ ያስፈልጋል ወይ?

ስለ መኪና በተነሣ ቁጥር የሚመለስ አንድ ጥያቄ አለ። «መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። ራምዞሩ ቀይ ሲሆን ማርሹን ከ‹ዲ› አውጥቼ ‹ኤን› ላይ ባደርገው ጊሩን አሳርፈዋለሁ ወይስ እጎዳዋለሁ?» የሚል ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ አያስፈልግም። ማርሹ «ዲ» ላይ ይቆይ፣ እግራችሁም ፍሬኑ ላይ ይቆይ። ምክንያቱን ደግሞ ረጋ ብለን እንየው።

ልማዱ የመጣው ከእጅ ማርሽ መኪና ነው። እዚያ ላይ ሞተሩና ጎማው የሚያያዙት በፍሪሲዮን ነው። ቆመን ፍሪሲዮኑን ካልረገጥን ወይም ዜሮ ማርሽ ካላደረግን ሞተሩ ይጠፋል። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ብዙ መቆየት ደግሞ ዕቃውን ይበላዋል። ስለዚህ ዜሮ ማርሽ አድርጉ ያለን አስተማሪ ልክ ነበር።

አውቶማቲኩ ግን ሌላ ነው። በተለመደው አውቶማቲክ ጊር ውስጥ ሞተሩና ጊሩ የሚገናኙት በዘይት ነው። ሁለት መአቭሬሮችን ፊት ለፊት አቁሙና አንዱን ብቻ አብሩት እንበል። የአንዱ ነፋስ የጠፋውንም ያዞረዋል። የጠፋውን አንድ ነገር ቢይዘው ይቆማል፤ የበራው ግን መዞሩን ይቀጥላል፣ ምንም አይሰበርም። (በሐሳብ ብቻ ይሁን፣ የልጅ ልጆች ባሉበት ቤት አትሞክሩት።) ጊራችን ውስጥ በነፋሱ ፈንታ ዘይት አለ። ፍሬን ይዘን ስንቆም ሞተሩ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ጊዜ ገደማ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ዘይቱ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ማቀዝቀዣው ያወጣዋል። የተሠራው እንዲህ እንዲሠራ ተብሎ ነው።

«ኤን» ስናደርግ ጊሩ ውስጥ ያሉት ስስ ሳህን መሳይ ፍሪሲዮኖች ይላቀቃሉ። ወደ «ዲ» ስንመልስ እንደገና ይያያዛሉ። በቀን 20 ራምዞር ላይ ብናደርገው፣ በዓመት 300 ቀን ብንነዳ፣ 6,000 ጊዜ ተጨማሪ መላቀቅና መያያዝ ይሆናል። ይህ ብቻውን ጊር አያበላሽም። ግን እናሳርፈው ብለን ሥራ እየጨመርንበት ነው።

«ነዳጅስ አይቆጥብም?» የሚሉ አሉ። ይቆጥባል፣ ግን ስንት? አንድ ትንሽ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል። ለአንድ ደቂቃ ቀይ መብራት ቢበዛ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። በ«ዲ» እና በ«ኤን» መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚያችው ማንኪያ ላይ ጥቂቱ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ቆመን ፍሬን ስንይዝ ጊሩን ራሳቸው ያላሉታል፣ ወይም ሞተሩን ያጠፉታል። ሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታድርጉት፤ ለምሳሌ በቶዮታ ሃይብሪድ «ኤን» ላይ ሲቆም ባትሪው አይሞላም።

እኔን ከጊሩም ከነዳጁም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር ከአረንጓዴው በፊት ቀይና ቢጫ አብረው ይበራሉ። ከኋላ ያለው ሰው ያኔውኑ ክላክሱን ይጫናል፤ ትዕግሥት የለም። «ኤን» ላይ የቆመ ሰው በዚያ ጥድፊያ ነዳጁን ይረግጣል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሣ እጀታውን ወደ «ዲ» ሲስበው መኪናው ዘሎ ይወጣል። ፊት ለፊቱ ያለው የእግረኛ መሻገሪያ ነው፣ ምርኩዝ ይዞ መሻገሩን ያልጨረሰ ሰው ሊኖር ይችላል። እጀታው በተሳሳተ በኩል ከሄደ ደግሞ ከ«ኤን» ቀጥሎ ያለው «አር» ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዳገት ላይም እንዲሁ ነው። በሐይፋ ወይም በጽፋት ዳገት «ኤን» ላይ ሆነን ፍሬኑን ትንሽ ካላላነው መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። «ዲ» ቢሆን ግን ወደ ፊት ለመሄድ ስለሚገፋ መንሸራተቱን ይቀንሳል። ዳገት ላይ መኪናውን በነዳጅ እየገፋችሁ ግን አትያዙት፤ ዘይቱን በእውነት የሚያሞቀው ይህ ነው።

ጉልበታችሁን እያመማችሁ ፍሬን መያዝ የሚከብዳችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። «አውቶ ሆልድ» የሚል ቁልፍ ያለው መኪና ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ከቆማችሁ በኋላ ፍሬኑን ራሱ ይይዝላችኋል። ከሌለ፣ መንገዱ ተዘግቶ ረጅም ጊዜ ስትቆሙ፣ የእጅ ፍሬን ስባችሁ «ፒ» ላይ አድርጉ። «ኤን» የሚያስፈልገው መኪናው ሲገፋ፣ ወይም መኪናውን እየጎተተ በሚያሳልፍ ማጠቢያ ውስጥ ስንገባ ነው።

ከራምዞሩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ራምዞር ላይ «ኤን» የሚያደርግ እጅ ቁልቁለት ላይም ያደርገዋል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር ስንወርድ ከ1,100 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን። እዚያ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ «ኤን» ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው። አሁን ያሉት ቤንዚን መኪናዎች ማርሽ ላይ እያሉ ቁልቁለት ላይ እግራችንን ከነዳጁ ስናነሣ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ። «ኤን» ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል። ስለዚህ የሚቆጠብ የለም። ሞተሩ መኪናውን መያዙ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ከመጠን በላይ ሲሞቅ አይዝም። ይልቁንስ «ኤል» ወይም «2» ካለው ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ ውረዱ።

መኪና ከመኪና ይለያያል። የእናንተን የሚያውቀው ሴፌር ሃሬኬቭ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወንበር ፊት ለፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ስለ ጊር የሚናገረውን ገጽ ያንብቡላችሁ። የጊሩ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየርም በዚያው ይዩላችሁ፤ ወደ ሙሳክ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።