«ሲስተር፣ ካጠባሁት ይጎዳዋል?»

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ሲቆም፣ ከአሪ ደጋ ከሚወርዱትና ከሌሎቹ ወረዳዎች ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ሕፃን አዝለው ነው። ሕፃኑ ሲነጫነጭ ጡት ይሰጠዋል፤ እዚያው ከቡናውና ከማሽላው አጠገብ። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ገበያዋን ጨርሳ ጤና ጣቢያ ጎራ ብትልና «ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ሕፃኑን ሳየው እንኳ ልቤ አይፈካም» ብትል፣ ምናልባት የድባቴ መድኃኒት ይታዘዝላት ይሆናል። ያን ጊዜ ከአፏ የሚወጣው ጥያቄ የትም አገር ያለች አራስ የምትጠይቀው ነው፦ «ሲስተር፣ ካጠባሁት ይጎዳዋል?»

ለዚህ ሁለት አጫጭር መልሶች አሉ። አንዱ «እንግዲያው ጡት አስጥዪው» ነው፤ ሌላው «እስክታስጥዪው መድኃኒቱ ይቆይ»። ሁለቱም ጥንቃቄ ይመስላሉ። በጂንካና በኦሞ አካባቢ ግን ከክኒኑ ይልቅ ሕፃኑን የሚያሰጉት እነዚህ መልሶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እናት የዋጠችው መድኃኒት ከደሟ ወደ ወተቷ ማለፉ አያከራክርም፤ ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። ሐኪሞች ሕፃኑ በወተት የሚደርሰውን በራሱ ኪሎ አካፍለው፣ እናቲቱ በኪሎዋ ከምትወስደው ጋር ያነጻጽሩታል። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን በአብዛኛው ማጥባት ይቻላል ይላሉ። ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ አያልፍም። ነባሩ አሚትሪፕቲሊንም ዝቅተኛ ነው። ፍሉኦክሰቲን ግን ከፍ ይላል፤ አንዳንዴ 10 በመቶውን ይሻገራል። ጉበት ሲሰብረው የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ደግሞ በሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን ይሰነብታል፣ ጉበቱ ገና ያልጠነከረ ጨቅላም ቶሎ አያስወግደውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 57 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ እናቶቻቸው ፍሉኦክሰቲን ከሚወስዱ ሕፃናት በ22 በመቶው ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከእናቶች አማካይ መጠን 10 በመቶ በላይ እንደነበረ አሳይቷል። ሰርትራሊን፣ ፓሮክሰቲንና ኖርትሪፕቲሊን ግን በአብዛኞቹ ሕፃናት ደም ውስጥ በመለኪያ እንኳ አልታዩም።

ስለዚህ አዲስ ለምትጀምር አጥቢ እናት ሰርትራሊን ይመረጣል። በፍሉኦክሰቲን ድና የቆየችውን ግን ስለወለደች ብቻ ማስቀየር ግድ አይደለም፤ ሕፃኑን በቅርብ መከታተል ይበቃል። ዶክሰፒን የተባለው ደግሞ የሕፃን ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል ይቅር ይባላል።

የልጁ አእምሮ፣ አፍ መፍታቱ፣ መራመዱስ? እስካሁን ጡት የጠቡ ልጆችን የተከታተሉ ጥናቶች ከወተቱ የመጣ ግልጽ ጉዳት አላገኙም። ጥናቶቹ ግን ጥቂት ሕፃናትን ብቻ የያዙ ናቸው፤ የመድኃኒቱን ውጤት ከእርግዝናው ዘመንና ከራሱ ከሕመሙ መለየትም ከባድ ነው። ይህን ለእናትየዋ መደበቅ አይገባም።

ሕመሙ ራሱ የሚያደርሰውን ደግሞ ከአገራችን የምናውቀው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ቡታጅራ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ከነልጆቻቸው ተከታትለዋል። በእርግዝናቸው ጭንቀት ያየለባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባት መጀመራቸውም የመዘግየት ዝንባሌ ታይቶበታል። ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ሕፃናት በሁለት ወራቸው በተቅማጥ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ከፍ ያለ ነበር። የሕፃናቱ መቀጨጭ ግን፣ በደቡብ እስያ ከታየው በተለየ፣ ከእናት ጭንቀት ጋር ተያይዞ አልተገኘም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ተቅማጡ ነው። የእናት ሐዘንና የሕፃን ተቅማጥ እንዲህ ከተገናኙ፣ የሚጠጣው ውኃ ከወንዝ በሚቀዳበት በኦሞ ዳር ጡት አስጥሎ ጡጦ ማስያዝ ምን ማለት ነው? የዱቄት ወተቱ ቢገኝ እንኳ የሚበጠበጠው በዚያው ውኃ ነው።

ሌላም የቡታጅራ ትምህርት አለ። የአራስ ድባቴን ለመለየት ዓለም የሚጠቀምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ኤድንብራ ላይ የተዘጋጀው መጠይቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ደህና ሠርቶ ቡታጅራ ገጠር ላይ ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በደሰነች፣ በሐመር ወይም በሙርሲ ቋንቋ ተተርጉሞ ሲቀርብ ምን ይሆናል? እናቲቱ ሕመሟን «ድባቴ» ብላ አትጠራውም። ከብት አልቆባት፣ ጎርፍ ቤቷን ወስዶባት ከሆነም ሐዘኗ ምክንያት እንዳለው ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ኦሞ ሞልቶ ደሰነችን ሲያጥለቀልቅ ከ350 በላይ ሰው አልቋል፤ ከተረፉት መካከል ስንት አራስ እንደነበሩ ቆጥሮ የጠየቀ ይኖር ይሆን?

ክኒን ብቻውን አይበቃትም። ፓኪስታን ውስጥ፣ ራዋልፒንዲ አካባቢ፣ ከመንደሩ የተመረጡ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ቤት ለቤት እየሄዱ ከተጨነቁ እናቶች ጋር እንዲነጋገሩ ተደርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት ከወለዱ በስድስተኛው ወር ከተረዱት 23 በመቶው፣ ካልተረዱት ደግሞ 53 በመቶው በድባቴ ውስጥ እንደነበሩ አሳየ። የልጆቻቸው ተቅማጥም ቀነሰ። እኛም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። እናት «ሲስተር» ብላ የማትፈራቸው፣ ቋንቋዋን የሚናገሩ የቀዬዋ ልጆች ቢሠለጥኑ፣ ጤና ጣቢያም ሰርትራሊን ሳይቋረጥ ቢደርስ፣ በዚያች ቅዳሜ የሚሰጠው መልስ ረዘም ይላል፦

«አጥቢው፣ እህቴ። ክኒኑንም በራስሽ አታቋርጪ። እንቅልፍ ከበዛበት፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ወይም ማልቀሱ ከወትሮው ከተለየ ገበያውን ሳትጠብቂ ነይ። ደህና ከሆነ ግን በሚመጣው ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፤ እንመዝነዋለን። አንቺም ቁጭ ብለሽ ታወሪኛለሽ።»