ችቦ፦ ከማሰሩ እስከ አመዱ

ችቦ ደረቅ ጭራሮና ቀጫጭን እንጨት በልጥ ወይም በገመድ ታስሮ የሚለኮስ የእጅ መብራት ነው። እንደ ብዙው የአማራ አገር ሁሉ መዘዞ በሚባለው ደጋም የሚበራው በክረምቱ ማብቂያ ላይ በተከታታይ በሚመጡ በዓላት ነው፤ ነሐሴ 12 ማታ ለቡሄ፣ በጳጉሜን የመጨረሻ ምሽት ለእንቁጣጣሽ፣ መስከረም 16 ወይም በ17 ንጋት ለደመራ። በአዲስ አበባ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ ርችት እየተሻማው መጥቷል። ርችት ጉልበቱ ከባሩድ ስለሆነ ሁሉም ይፈራዋል። ችቦ ግን እንጨት ብቻ ነውና ይናቃል፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ንቀት ነው።

ጥሩ ችቦ መሐሉ ላይ አንድ ወፈር ያለ ደረቅ እንጨት አለው፤ ቀጫጭኖቹ በዙሪያው ይደረደራሉ። በእንጨቶቹ መካከል አየር ካልገባ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ በጣም ከላላም እየነደደ ይበተናል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይታሰራል። የላይኛው ማሰሪያ መቃጠሉ አይቀርም፤ ከእጅ በላይ ያለው ግን መጥበቅ አለበት። አንዳንዱ እንዳይበጠስ ብሎ በሽቦ ያስራል። ሽቦው በእርግጥ አይበጠስም፤ ግን ይግላል፣ ሙቀቱንም ወደ መያዣው ያወርዳል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ አጭር ችቦ ለልጅ እጅ ቀላል ቢመስልም እሳቱን ወደ ፊት ያቀርባል።

ወቅቱ የዝናብ ማብቂያ መሆኑ ሁለት መልክ አለው። የሣር ክዳኑ ርሶ ስለሚከርም ፍንጣሪ ቶሎ አይዘውም፤ ይህ መልካም ነው። እንጨቱም አብሮ ይርሳል፤ ይህ ደግሞ ችግር ነው። አስቀድሞ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ ያደረቀ ሰው በአንድ ክብሪት ይለኩሳል። ያላደረቀው ላምባ፣ ሲብስም ቤንዚን ያነሳል። የቤንዚን ትነት ዓይን ሳያየው በዙሪያው ስለሚሰራጭ ክብሪቱ እንጨቱን ሳይነካ እሳቱ ሊነሣ ይችላል። በተለኮሰ ችቦ ላይ ነዳጅ ማፍሰስ ደግሞ ነበልባሉን ወደ ጠርሙሱና ወደ አፍሳሹ መጥራት ነው። ቤንዚን ለችቦ በምንም መልክ አይሆንም።

ቦታ ሲመረጥ የሚታየው ነፋሱ ነው። በደጋ ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ አቅጣጫውን በድንገት ይቀይራል፤ ትንታግም ከሚታሰበው በላይ ይርቃል። ችቦው ከሣር ክዳን፣ ከገለባና ከኩበት ክምር ራቅ ባለ ባዶ ሜዳ ቢበራ ይሻላል። ኩበት በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይግማል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ዘይት ስላለው ቦግ ይላል።

ያዡ ችቦውን ከነፋሱ በተቃራኒ ቆሞ ሳይሆን ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ ይይዛል። ጫፉ ወደ መሬት ከተዘቀዘቀ እሳቱ ወደ እጅ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፍሙ በራስ ላይ ይወርዳል። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ያደገድጋል። የናይለን ልብስ ሲቃጠል ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ከጥጥ ይከፋል።

በአንዳንድ ቤት ችቦ እየበራ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የጎመኑ ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎው ደግሞ እንዲገባ ይለመናል። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ ጣሪያው ግን ሣር ነው። ችቦውን ደጃፍ ላይ አቁሞ ቃሉን ከዚያው ማለት በዓሉን አያጎድለውም። በችቦ ላይ መዝለልም የሚቻለው ነበልባሉ ከወረደ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው።

ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ መሬት ላይ ይንከባለል ወይም በወፍራም ጋቢ ይሸፈን። የተቃጠለ አካል ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከተቃጠለ፣ ሕፃንም ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ውኃ ይፈስበትና በእንጨት ይገላበጣል። የደመራ አመድ ግን በማግስቱ ግንባር ላይ ለመቀባት ስለሚፈለግ ብዙ ጊዜ ውኃ አይነካውም። ረመጥ አመድ ለብሶ ሊያድር ይችላልና አመዱ ከዳር ይወሰዳል፤ የሚያነሣውም አዋቂ ነው።