ንድፈ ሐሳብ ለእንጅባራ ምን ይሠራለታል?

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተወሰነ። ከሳይንስስ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን እልባት አላገኘም። የሒሳብ ሎጂክና የኮምፒውተር ንድፈ ሐሳብ ስማቸው በተነሣ ቁጥር «ለደሃ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ሙግት ይከተላቸዋል። እንደ እንጅባራ ባሉ የአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሙግቱ ይበረታል፤ የአካባቢያችሁን ችግር ፍቱ ይባላሉና። ለእኔ ግን እንጅባራ በሚገኝበት በአዊ ዞን ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች እጅግ አካባቢያዊው፣ የአውንጊ ቋንቋ ጉዳይ፣ በቀጥታ ወደ ንድፈ ሐሳብ ይወስደናል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አውቶማታ የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫ ፈተናም ይጠየቁበታል። አውቶማታ በወረቀት ላይ የሚታሰብ ማሽን ነው። በጣም ቀላሉ ዓይነት ፊደል በፊደል እያነበበ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ የሁኔታዎቹ ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ሌላ ማስታወሻ የለውም። ይህ ደካማ የሚመስል ማሽን አማርኛን ይችላል ወይ?

«ሰበረ»፣ «ሰባበረ»፣ «አልተሰበረችም» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። «ሰባበረ» ላይ መካከለኛዋ «በ» ትደገማለች። የሚደገመው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ የተወሰኑ ሁኔታዎች ይበቃሉ። ርዝመቱ ገደብ የሌለው ቃል እንዳለ ይደገም ቢባል ግን ይህ ማሽን ፈጽሞ አይችልም፤ ይህም በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። «እስካሁን አልቻልንም» እና «ከቶ አይቻልም» የሚለያዩት በእንዲህ ያለ ማረጋገጫ ነው። አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ለማንኛውም ኮምፒውተር ያሳየው ድንበርም ከዚሁ ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሮናልድ ካፕላንና ማርቲን ኬይ የቋንቋ የድምፅ ሕጎች ወደ እነዚህ ማሽኖች እንዴት እንደሚለወጡ በሒሳብ አስረዱ። ሳባ አምሳሉና ዳፊድ ጊቦን እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ መንገድ የአማርኛን ቃላት ተነተኑ። ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ሆርንሞርፎ የተባለ የቃላት መተንተኛ ፕሮግራም አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ይዟል። አውንጊ ግን አልተካተተም።

አውንጊ ኩሻዊ ነው፤ ግሱ ምዕላዶቹን በብዛት ከኋላ ይደረድራል። ሮበርት ሄትዝሮን የግሱን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በመጽሐፍ አውጥቷል። ቋንቋው በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ይሰጣል፤ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ግን ፊደሉ አያሳይም። ታዲያ ማሽኑ የተጻፈውን ሲያነብ ትክክለኛውን ቃል በምን ይለያል? የድምፅ ሕጎቹስ ምን ያህል ሁኔታዎች ይጠይቃሉ? ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰውና ንድፈ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው አብረው የሚቀመጡበት ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። በማስተማር ብዛት የተጠመደ መምህር ደግሞ የሚያጣው ይህንኑ ነው።

ሙያውም ሩቅ አይደለም። ከእንጅባራ በዳንግላ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተመራማሪዎች በላቲስና በፈዚ አልጀብራ ላይ ብዙ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ይህ የሎጂክ አልጀብራዊ ገጽታ ነው። የባሕር ዳር ሎጂክና የአዊ ሰዋስው በአንድ የምርምር ርዕስ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚሆን የመጀመሪያ ርዕስም አለ፦ የአውንጊን ግስ እርባታ የሚያነብ ትንሹ አውቶማታ ስንት ሁኔታ አለው?