ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ አንቲባዮቲክ ለማን፣ ለስንት ቀን?

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በድንገተኛ ከሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል የትርፍ አንጀት ዋነኛው ነው። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከመካኒሳ ወይም ከሐና ማርያም ሆዱን ይዞ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ወደ ሆስፒታል ይላካል፣ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፣ ከቀናት በኋላም የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ቤቱ ይገባል። በከረጢቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አይጠፋም። ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይህ መድኃኒት ሕይወት አዳኝ ነው፤ ለሌላው ግን ጨርሶ አያስፈልግም። ሁለቱን የሚለየው ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ያየው ነገር ነው።

ከመቀደዱ በፊት

አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ትርፍ አንጀቱ ሲቆረጥ ተህዋስያኑ ወደ ቁስሉ እንዳይዛመቱ፣ መድኃኒቱ ቆዳ በሚቀደድበት ሰዓት በደምና በሥጋ ውስጥ ተሰራጭቶ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። በአገራችን የተለመደው ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ነው፤ አንዱ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉትን፣ ሌላው ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ያጠቃል። ይህ የመጀመሪያ መርፌ ከዘገየ ወይም ከተረሳ፣ ኋላ የሚሰጥ የሳምንት እንክብል አይተካውም።

ያልፈነዳና የፈነዳ

ትርፍ አንጀቱ ቀልቶና አብጦ ግን ሳይበሳ ከወጣ የኢንፌክሽኑ ምንጭ አብሮ ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ለመከላከል የተሰጠ አንቲባዮቲክ ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ እንዳይራዘም መክሯል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሚበጀው ቁስሉን በንጽሕና መያዝ፣ ቶሎ ተነሥቶ መራመድና የሕመም ማስታገሻ ነው።

ትርፍ አንጀቱ ጠቁሮ ከበሰበሰ፣ ከፈነዳ ወይም መግል ከቋጠረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አንቲባዮቲኩ ሕክምና ነው፤ መቀጠልም አለበት። እስከ መቼ? እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካና በካናዳ 518 የሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ሕመምተኞች የተካተቱበት ጥናት፣ ምንጩ ከተወገደ በኋላ የ4 ቀን ሕክምና 8 ቀን ገደማ ከሚወስደው ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 2 ቀን ከ5 ቀን እንደማያንስ አገኘ፤ ነገር ግን ተመልሰው ሆስፒታል የተኙት በ2 ቀኑ ወገን በዝተዋል፤ ቀዶ ሕክምናውም በአብዛኛው በካሜራ የተሠራ ነው። ሆድ ተከፍቶ በሚሠራበትና ሕመምተኛው ዘግይቶ በሚደርስበት አገር ውጤቱን እንዳለ መቅዳት አይገባም። ዓለም አቀፍ የድንገተኛ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል ይላል።

ለምን ይረዝማል?

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ የመከላከያ አንቲባዮቲክ ከሚገባው በላይ ይራዘማል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ክፍሉ በሕመምተኛ ሲጨናነቅ፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ የመሣሪያው ንጽሕና ሲያጠራጥር ሐኪም «ለጥንቃቄ» ያዝዛል። ስጋቱ መሠረት አለው፦ በ66 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ግሎባልሰርጅ ጥናት፣ ከሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቁስል ኢንፌክሽን በከፍተኛ ልማት አገሮች 9.4፣ በዝቅተኛ ልማት አገሮች 23.2 ከመቶ መሆኑን አሳይቷል።

መፍትሔው ግን ከመድኃኒቱ ቀን ይልቅ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይጀምራል። ለቀዶ ሕክምና ደኅንነት የሚሠራው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው ሥራ የእጅና የቆዳ ማጽዳት፣ የመሣሪያ ማምከን፣ የጨርቅና የጋውን ጥራት፣ የጎዝ ቆጠራ፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓትና የደኅንነት ቅጽ ተሻሽለው የኢንፌክሽን አደጋው በሲሶ ገደማ ቀንሷል።

የማይታየው ዋጋ

ያለ አግባብ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ተቅማጥና አለርጂ ያመጣል፤ መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎችም ያፈራል። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ እንደ ሞተ ተገምቷል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ይህን መላመድ በላቦራቶሪ ይከታተላል። በሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ሆኖም በከተማችን ፋርማሲዎች እንዲሁ ሲሸጥ በጥናት ታይቷል። ቁስል ትንሽ ሲቀላ ከሰፈር ፋርማሲ ካፕሱል መግዛት ሐኪም ማየት ያለበትን መግል መደበቅ ሊሆን ይችላል፤ መግል የቋጠረ ቁስል ዋና ሕክምናው ተከፍቶ መግሉ መውጣቱ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ

ሕመምተኛውም አስታማሚውም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር ወይ? አንቲባዮቲኩ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? ምን ካየሁ ልመለስ? ትኩሳት፣ የሚጨምር ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል ወይም የማያቋርጥ ትውከት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ያስኬዳሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላ፣ ከጠጅና ከአረቄ ይታቀብ። የታዘዘውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሆነ ማራዘም፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ማካፈል አይገባም።

ሆስፒታሎችም የሚችሉት ቀላል ነገር አለ፦ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ትርፍ አንጀቱ በምን ሁኔታ እንደ ተገኘና መድኃኒቱ የሚያበቃበትን ቀን በአማርኛ መጻፍ። ያ ወረቀት በእጁ ያለ የጀሞ ቤተሰብ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ «ትንሽ ይጨመር» የሚል ምክር ሲመጣ የሚመልሰው አያጣም።