የስኪ ርዝመት የሚለካው በበረዶው ነው

ስኪ የሚያከራይ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ቅጽ ነው። ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የጫማ ቁጥር፣ ችሎታ። ሠራተኛው ቅጹን ተቀብሎ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ከመደርደሪያው አንድ ጥንድ አንሥቶ አጠገቡ ያቆማል፤ ጫፉ አገጭና አፍንጫው መካከል ከደረሰ «ይሆንሃል» ብሎ ያስረክበዋል። አሠራሩ ነቀፋ የለበትም። ክብደትና ዕድሜ በዋናነት የሚጠየቁት፣ ሰው ሲወድቅ የስኪው ማሰሪያ ጫማውን በምን ያህል ኃይል መልቀቅ እንዳለበት ለማስተካከል ነው። እግርን ከስብራት የሚያድን ነገር ስለሆነ እውነተኛውን ቁጥር መሙላት ይገባል። ነገር ግን ቅጹ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔ ከቁመት የማስቀድመው እሱን ነው። ዛሬ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ምን ዓይነት ነው?

ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ካልጋሪ ወይም ኦስሎ የሚኖር አንባቢ ይህ ጥያቄ በቀጥታ ይመለከተዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ጋር ተራራ ይሄዳል፣ ወይም እሱ ራሱ ከዓመታት ማመንታት በኋላ ዘንድሮ ልሞክር ብሏል። እንዲህ ያለ ጀማሪ ስኪው አልታዘዝ ሲለው ጥፋቱን በራሱ ጉልበት ላይ ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእግሩ ሳይሆን፣ ለዚያ ቀን በረዶ ያልተሠራ ስኪ ማድረጉ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክብደት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጫማ ብቻ ልል በረዶ ላይ ቢቆም፣ ሁለቱ ጫማዎቹ የሚያርፉበት ቦታ በድምሩ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 117 ግራም ገደማ ይሸከማል። ይኸው ሰው 170 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና በአማካይ 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥንድ ስኪ ቢያደርግ፣ ሸክሙ 2,720 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈልና በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 26 ግራም ይወርዳል። በክረምት ጭቃ ላይ ሳንቃ ዘርግቶ የተሻገረ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ብቻ ሊመዝን ይችላል፤ አብዛኛው አየር ነው። ሌሊቱን በማሽን ተደልድሎ የተጠቀጠቀው መንገድ ደግሞ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይደርሳል። ሁለቱም በረዶ ይባላሉ እንጂ ለስኪ የተለያዩ መሬቶች ናቸው። የመጀመሪያው ያሰምጣል፣ ሁለተኛው ያንሸራትታል፤ ከስኪው የሚጠብቁትም ለየቅል ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን በደንብ ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 በሰሜን ስዊድን፣ ካልቭትሬስክ አጠገብ ከረግረግ የወጣው ስኪ 5,200 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ 204 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው። በኖርዌይ ዲገርቫርደን ተራራ ላይ በረዶው ሲቀልጥ በ2014 አንዱ፣ በ2021 ደግሞ ጓደኛው ከተገኘው የ1,300 ዓመት ጥንድ መካከል ኋላ የወጣው 187 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 17 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። እነዚህ ሰዎች የተደለደለ መንገድ አልነበራቸውም። ጫካ ውስጥ ልል በረዶ ላይ አድነው ማደር ነበረባቸው፤ ስለዚህ ስኪያቸውን ረጅምም ሰፊም አደረጉት።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን በስዊድን፣ በፊንላንድና በኖርዌይ አንዳንድ አካባቢዎች ለብዙ ዘመን ያገለገለው ጥንድ ነው፤ ሁለቱ ስኪዎች እኩል አልነበሩም። በግራ እግር የሚደረገው እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ሥራው መንሸራተት ነው። የቀኙ አጭር ሆኖ ከታች የእንስሳ ቆዳ ከነጸጉሩ ይለጠፍበታል፤ እሱ በረዶውን ቆንጥጦ ይገፋል። አንድ ርዝመት ሁለቱንም ሥራ እኩል እንደማይሠራ በእጃቸው አውቀውት ነበር።

ስኪ ከስካንዲኔቪያ ጫካ ወጥቶ ወደ አልፕስ ገደላማ ተራሮች ሲሻገር ርዝመቱ ችግር ሆነ። በኦስትሪያ ሊሊየንፌልድ የሚኖረው ማቲያስ ዝዳርስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኖርዌዩን ረጅም ስኪ አሳጠረ፤ ማሰሪያውንም ተረከዝ ወዲያ ወዲህ እንዳይል አድርጎ አሻሻለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገደል ላይ መታጠፍ ያልቻለ ስኪ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ያም ሆኖ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ጎበዝ የሚባል ወንድ ከ2 ሜትር በታች ስኪ ማድረግ አይወድም ነበር። የዘመኑ መለኪያ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ጫፉ የእጅ አንጓ ላይ መድረሱን ማየት ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ክሊፍ ቴይለር ጀማሪዎችን 1 ሜትር ባልሞላ ስኪ አስጀምሮ፣ እየለመዱ ሲሄዱ ርዝመቱን እየጨመረ ማስተማር ቢጀምርም፣ አጭር ስኪ የተማሪ ዕቃ ነው የሚለው አስተሳሰብ አልለቀቀም።

ያን አስተሳሰብ የሰበረው ቅርጽ ነው። ስኪ ከጫፉና ከጭራው ሰፋ፣ ከወገቡ ጠበብ ይላል። በጎኑ ሲያዘነብሉት ወገቡ ወደ በረዶው ጎበጥ ብሎ ጠርዙ ክብ መንገድ ይቆርጣል። በድሮው ስኪ ላይ ይህ ጠባብነት ለዓይን እንኳ አይታወቅም ነበርና የሚቆርጠው ክብ ሰፊ ነበር። በ1993 የስሎቬኒያው ፋብሪካ ኤላን፣ ዩሪ ፍራንኮና ፓቬል ሽኮፊች የነደፉትን ወገበ ቀጭን ስኪ አወጣ። መታጠፊያው በጉልበት መጠምዘዝ ቀርቶ ማዘንበል ብቻ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ርዝመቱም መውረድ ጀመረ። መታጠፊያ የሚበዛበት የስላሎም ውድድር ተወዳዳሪዎች ከ2 ሜትር በላይ የነበረውን እያሳጠሩ መጥተው በመጨረሻ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ዝቅተኛ ወሰን አበጀ፤ ለወንዶች 165፣ ለሴቶች 155 ሴንቲ ሜትር። በአንጻሩ በቁልቁለት ፍጥነት ውድድር የወንዶች ስኪ ከ218፣ የሴቶቹ ከ210 ሴንቲ ሜትር ማነስ አይችልም። ያው አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሊወዳደር ይችላል። ቁመቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራው ነው።

ርዝመት የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። ስኪን ቆመው ከመሐሉ ለማዞር ሲሞክሩ፣ የሚቃወምዎት ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከእግርዎ ያለው ርቀትም ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ርዝመቱን በ10 በመቶ ቢጨምሩ፣ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ በልል በረዶ ላይ የሚያንሳፍፈው ቦታ ግን የሚጨምረው 10 በመቶ ብቻ ነው። ያንኑ 10 በመቶ በወርድ ቢጨምሩት፣ ለማዞር የሚጨምረው ጉልበትም ከዚያው 10 በመቶ ብዙም አይርቅም። ለጥልቅ በረዶ ብቻ ተብሎ 2 ሜትር ስኪ መሸከም ያበቃው በዚህ ስሌት ነው፤ የማንሳፈፉን ሥራ ወርድ ወሰደው።

ይህን እስከ ጥግ የገፋው ሼን ማክኮንኪ ነው። ውኃ ላይ የሚንሸራተቱበት ስኪ ለምን እንደማይሰምጥ አስቦ፣ በአላስካ ተራሮች ላይ የውኃ ስኪ አድርጎ ወረደ። ቀጥሎም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት ከተባለው ፋብሪካ ጋር ስፓቱላ የተሰኘውን ስኪ ሠራ። ወገቡ ከጫፎቹ የሚሰፋ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ያሉ፣ መሐሉ ወደ ታች የጎበጠ ነበር። በጠንካራ በረዶ ላይ አስቸጋሪ ነው፤ በዱቄት በረዶ ላይ ግን ይንሳፈፋል። ማክኮንኪ በ2009 በጣሊያን ዶሎሚት ተራሮች በአደጋ ሞተ፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ጫፉ ቀና ያለ ስኪ ሁሉ ግን የእሱ ዕዳ አለበት።

ይህ የጫፍ ቀና ማለት፣ ተንሸራታቾቹ ሮከር የሚሉት፣ ዛሬ ርዝመት የሚመርጥን ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ስኪው ላይ የተጻፈው 180 ሊሆን ይችላል፤ ጠንካራ በረዶ ላይ ሲቆም ግን ጫፉና ጭራው ከመሬት ስለሚነሡ የሚነካው ክፍል 150 ባይሞላ አይገርምም። ስለዚህ ሁለት 175 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ስኪዎች እኩል አይደሉም። ሮከር ያለውን ከተለመደው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝሞ መውሰድ የተለመደው፣ ጠንካራው ላይ የጠፋውን ጠርዝ ለመካስ ነው። የሱቁን ሠራተኛ የሚነካው ክፍል ስንት ነው ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

አሁን አንድ ሰው እንውሰድ፤ 175 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 75 ኪሎ፣ መካከለኛ ችሎታ። በቬርሞንት ወይም በአልፕስ እንደሚያጋጥመው ጠንካራ፣ አንዳንዴም መስተዋት በሚመስል መንገድ ላይ ከሆነ 165 አካባቢ፣ ወገቡ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ ስኪ እሰጠዋለሁ። ጠባብ ወገብ ጠርዙን ከእግር በታች ያመጣዋል፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገርም ፈጣን ይሆናል። በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ ርዝመት ከሚሰጠው በላይ የሚሰጠው የጠርዙ ስለትና ስኪው ሲጠመዘዝ አለመላላቱ ነው። የደነዘ ጠርዝ ያለው ረጅም ስኪ ከተሳለ አጭር ይብስበታል። ፍጥነት የሚወድ ከሆነ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ልጨምርለት፤ ረጅሙ በፍጥነት ላይ አይንቀጠቀጥም።

በሆካይዶ ኒሴኮ ወይም በዩታ አልታ እስከ ጉልበት ድረስ ዱቄት በረዶ ከወረደ ይኸው ሰው ከ180 እስከ 185፣ ወገቡ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ጫፉ ቀና ያለ ስኪ ያስፈልገዋል። አጭር ካደረገ ጫፉ ይሰምጣል፤ ጫፉን ለማንሣት ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከሰዓት በፊት ጭኑ ይቃጠላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ላዩ ቅርፊት የያዘ፣ ሲረግጡት የሚሰበር በረዶ ነው። እዚያ ላይ ትርፍ ሴንቲ ሜትሮች ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ለማለፍ ይረዳሉ፤ ብልኅነቱ ግን ሌላ መንገድ መምረጥ ነው። ከቤት አንድ ጥንድ ብቻ ይዞ ለሚወጣ ሰው ምክሬ ከ170 እስከ 175፣ ወገቡ ከ8.5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሜዳውንና ዳገቱን በራስ ጉልበት የሚያቋርጡበት ስኪ የራሱ ሕግ አለው። የኢትዮጵያን ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ያውለበለበው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው በዚህ ነው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ የተለማመደው ሮቤል፣ በ2006 ቶሪኖ ላይ 15 ኪሎ ሜትሩን በክላሲክ ስልት፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ በነጻ ስልት ሮጠ። ሁለቱ ስልቶች የተለያየ ርዝመት ይጠይቃሉ። ለክላሲክ ከቁመት እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፤ እግርን ወደ ጎን እየገፉ ለሚሄዱበት ነጻ ስልት ጭማሪው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከረዘመ ጭራዎቹ ይጋጫሉ። የክላሲኩ መሐል ከመሬት ከፍ ያለ ቅስት አለው፤ ክብደት በሁለቱ እግሮች ሲከፈል ከበረዶው ተነሥቶ ይቆያል፣ በአንድ እግር ሲገፉ ተደፍቶ የተቀባው ሰም በረዶውን ይይዛል። ለዚህ ነው እዚህ ላይ ከቁመት ይልቅ ክብደት የሚወስነው። አዲስና ደረቅ በረዶ ለስለስ ያለ ስኪ ይወዳል፤ እርጥብ ወይም ቀልጦ የረጋ በረዶ ደግሞ ወፍራም ማጣበቂያ ስለሚቀባበት ቅስቱ ከፍና ጠንከር ማለት አለበት።

ስለ ልጆች አጥብቄ የምለው አለኝ። ለልጅ ልብስ ስንገዛ «ያድግበታል» እንላለን፤ ለልብስ ጥሩ ብልኅነት ነው። ለስኪ ግን እባካችሁ አታድርጉት። ልጁ ቀላል ነው፤ የረዘመውን ስኪ የሚያጎብጥበት ክብደት የለውም፣ የሚያዞርበት ጉልበትም ገና ነው። ወደ ኋላ ተቀምጦ መንሸራተት ይለምዳል፤ ያ ልማድ ለመተው ዓመታት ይፈጃል። ለጀማሪ ልጅ ከደረት እስከ አገጭ የሚደርስ ይበቃዋል። ቶሎ እንደሚያድግ ካሰባችሁ፣ ብዙ ሱቆች ለሙሉ ወቅቱ የሚያከራዩት አለ፤ በየዓመቱ መቀየር ይቻላል።

ለአዋቂም ኪራይ ከግዢ ብዙ ያስተምራል፤ በተለይ በጸደይ። ሌሊቱን የረጋው በረዶ ጠዋት ድንጋይ ነው፤ ወደ እኩለ ቀን ላዩ ይላላና ከሁሉ የሚጥም መንሸራተቻ ይሆናል፤ ከሰዓት ውኃ ያዘለ ክምር ይሆንና አጭሩን ስኪ ጫፉን ይይዝበታል። በአንድ ቀን ሦስት በረዶ ማለት ነው። ዴሞ የሚባለው ኪራይ ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በብዙ ሱቆች በዚያው ቀን ስኪ መቀያየር ይፈቅዳል። ጠዋት 165ቱን ወስዳችሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ 175ቱን ጠይቁ፤ ማሰሪያው በቀየራችሁ ቁጥር ከጫማችሁና ከክብደታችሁ ጋር እንደገና መስተካከሉን አረጋግጡ።