ቀላል የሥራ ጫማ፦ እስከ መቼ ያገለግላል? ለእግርዎስ ይሆናል?

ዛሬ ስለ ጫማ ልጽፍላችሁ ነው። ነርስ ስለ ጫማ ምን አገባት የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እዚህ ቤር ሼቫ የእግር ቁስል ይዘው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎችን “ምን ነካዎት?” ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ “ጫማው ነው” የሚል ነው።

በቅርቡ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አንድ አባት መጡ። ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ፤ ስኳር ካለባቸውም ቆይቷል። የመጡት ለደም ግፊት ነበር። እግርዎን ልይ ብዬ ካልሲያቸውን ሳወልቅ የትንሿ ጣት ጎን ቆስሎ ካልሲው ተጣብቆበታል። “አያምዎትም እንዴ?” አልኳቸው። “ኧረ ልጄ፣ ምንም አይሰማኝም” አሉኝ። ክፉው ነገር ይኸው አለመሰማቱ ነው። ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ሌላው ሰው ጫማውን አውልቆ የሚወረውርበት ሕመም እሳቸው ዘንድ አይደርስም። ጫማቸውን አገላብጬ አየሁት። ቁጥሩ 42፣ የእግራቸውም ርዝመት 42 ነው። ርዝመቱ ልክ ነበር፤ የጠበበው በጎን ነው።

ይህ በእኛ ሰው ላይ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ከእናንተ ብዙዎቹ በጎንደር ወይም በትግራይ ገጠር በባዶ እግር፣ ቢበዛ በበረባሶ ያደጋችሁ ናችሁ። በባዶ እግር ያደገ እግር ፊቱ ሰፋ ይላል፣ ጣቶቹም ዘርጋ ዘርጋ ይላሉ። ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ጠንካራ እግር ነው። ጫማው ግን የሚሠራው ከልጅነቱ ጀምሮ በጫማ ለታሰረ፣ ጠበብ ላለ እግር ነው። ስለዚህ ሰው ስፋት ፍለጋ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ ይገዛል። ያኔ ጣቱ ይድናል፤ ተረከዙ ግን ውስጥ እየተንሸራተተ ውኃ ይቋጥራል፣ ጫፉም ከእግር በላይ ስለሚረዝም ደረጃ ላይ ያደናቅፋል። መፍትሔው ቁጥር መጨመር ሳይሆን ሰፊውን ዓይነት መጠየቅ ነው። ሱቅ ሲገቡ “ራሓቭ” ይበሉ። አንዳንድ አምራቾች ያንኑ ቁጥር በተለያየ ስፋት ያወጣሉ።

በናዓሌ ቤቲሁት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። “ቆዳ ነው፣ ሲለበስ ይለቃል” የሚለው የድሮ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ቆዳው ይለቃል፤ ከፊት ያለው የጣት መከላከያ ግን ብረት ይሁን ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ለአንድ ዓመትም ቢለበስ አይሰፋም። በመጀመሪያው ቀን ጣትዎን የጫነ መከላከያ በመጨረሻውም ቀን ይጫናል። በአሁኑ ጊዜ ጫማዎቹ ቀላል የሆኑበት አንዱ ምክንያት ብረቱ በሌላ ቁስ መተካቱ ነው። ይህ ቁስ ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የብረቱን ያህል እንዲችል ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የብረቱ 42 ልክ የሆነለት ሰው ቀላሉን 42 ሳይለካ ባይወስድ ይሻለዋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ይለኩ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣልና። ለሥራ የሚያደርጉትን ካልሲ ያድርጉ። ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው ይቁሙበት፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በእርሳስ ዙሪያውን ያንሳልዎት፤ ሁለቱንም እግር፣ አንዱ ከሌላው ሊበልጥ ይችላልና። ቆርጠው ይዘው ይሂዱ። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥተው ወረቀቱን ላዩ ላይ ያድርጉት። ወረቀቱ በጎን ከተረፈ ጫማው ለእርስዎ አይደለም፤ ሻጩ ምንም ቢል። ከረጅሙ ጣት ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። እግሩ የደነዘዘ ሰው “ተመቸኝ” ቢል ማመን አይቻልም፤ ለእሱ የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነው።

አሁን ወደ መበርከቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የእናቴን ታሪክ ብነግራችሁ አትቆጣኝም። እናቴ ለዓመታት ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ የኖረች ናት። አንድ ጊዜ ቀላል፣ ጥሩ ጫማ ገዛንላት። እሷም እንደ ልማዷ “አዲስ ነገር ዝም ብሎ አይለበስም” ብላ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ከዓመታት በኋላ ለስግድ አወጣችው። ኢየሩሳሌም አርሞን ሐናጺቭ ደርሰን፣ ከአውቶቡሱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ መፈርፈር ጀመረ። የቀረውን መንገድ ጫማው በሻርፕ ታስሮ ነው የሄደችው። እኛ ሳቅን፤ እሷ ግን አታለሉኝ ብላ አዘነች።

ማንም አላታለላትም። የብዙ ቀላል ጫማዎች ሶል ፖሊዩረታን ከሚባል ነገር ይሠራል። በውስጡ ጥቃቅን አየር ስላለ ይቀላል፣ ይመቻልም። ነገር ግን ከአየር የሚገባ እርጥበት ቀስ እያለ ውስጡን ይፈታዋል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ባይለበስም ያረጃል ማለት ነው፤ እንዲያውም ሳይለበስ ተዘግቶ የተቀመጠው ሳይታወቅ ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ ለዚህ ሶል ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሰጠዋል፣ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከተገዛበት አይደለም። ስለዚህ ርካሽ ነው ብለው ከገበያ ሲገዙ የተሠራበትን ዓመት ይመልከቱ። በመለኪያው መሠረት በተሠራ የደኅንነት ጫማ ላይ ዓመቱ ታትሞ ይገኛል፤ ዓይን ካልያዘ ልጆች ያንብቡ። የእኛ የበጋ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጫማ የመኪና ሻንጣ ውስጥ አይከርም።

ሙሉ በሙሉ ከጎማ የተሠራ ሶል ይከብዳል፤ ግን ሙቀትንና መፋቅን የበለጠ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ለሚመላለስ ሰው የእኔ ምርጫ መካከለኛው ነው፦ ውስጡ ቀላልና ለስላሳ፣ መሬት የሚነካው ክፍል ጎማ። ውኃ ላይ ለሚሠራ፣ ሳህን ለሚያጥብ ወይም ወለል ለሚወለውል፣ ከክብደቱ በፊት አለማንሸራተቱን እጠይቃለሁ።

በምልክቶቹ ብዙ አላደክማችሁም። 20345 የሚል ቁጥር ካለበት የጣት መከላከያ አለው፤ 20347 ከሆነ የለውም። “ኤስ 1” ለደረቅ ቦታ ነው፤ “ኤስ 2” ላዩ ውኃ ቶሎ እንዳያስገባ የተሠራ ነው፤ “ኤስ 3” በዚያ ላይ ሚስማር እንዳይበሳው የሚከላከል ንጣፍ አለው። ለግንባታ ቦታ “ኤስ 1” የተሰጠው ሰው ዝም አይበል።

እንዴት ይቆያል ለምትሉኝ፦ ከተቻለ ሁለት ጥንድ ይኑርና ይፈራረቁ፤ በላብ የረጠበ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ንጣፉን አውጥታችሁ፣ ውስጡን ጋዜጣ ወሽቃችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት (ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ)። ማሞቂያ ፊት አታድርጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። በየቀኑ የሚለበሰውን ደግሞ ከስድስት ወር ጀምሮ መርምሩት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ ስታዩት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ የሶሉ ጥርስ ካለቀ፣ ወይም ሶሉ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ አበቃለት። ከባድ ነገር የወደቀበት የጣት መከላከያ ላዩ ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አይታመንም።

ጫማውን የሚገዛው ማነው? ሥራው የደኅንነት ጫማ የሚጠይቅ ከሆነ በ1997 የወጣው የግል መከላከያ ደንብ ግዴታውን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ለሠራተኛው የሚሆን ጫማ በራሱ ወጪ ያቀርባል፤ ያረጀውንም ይተካል። በካብላን በኩል የምትሠሩም ብትሆኑ ያለ ጫማ መሥራት የለባችሁም። ከትሉሻችሁ ላይ የጫማ ተብሎ ገንዘብ ከተቆረጠ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠይቁ። ያ ቁስለኛ አባት ለምን ሌላ አልጠየቁም ስላቸው “የሰጡኝን እንዴት እመልሳለሁ፣ ነውር ነው” አሉኝ። አባቴ፣ ነውር የለበትም። ስጦታ አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው።

በራሳችሁ ገንዘብ ከገዛችሁ ካባላውን አትጣሉ። ከ50 ሸቀል በላይ የሆነ ጫማ ሳይለበስና ምልክቱ ሳይነሳ፣ የዕረፍት ቀን ሳይቆጠር በሁለት ቀን ውስጥ ከተመለሰ ገንዘባችሁን ማግኘት ትችላላችሁ፤ ሱቁ 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ካነሰው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ እንደገዛችሁ ያንኑ ማታ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ሞክሩት። ከሱቅ ሳይሆን በስልክ “ለስኳር በሽታ የሚሆን ጫማ” ብለው ከሸጡላችሁ ጊዜው ይረዝማል፦ ለማንኛውም ገዢ 14 ቀን ነው፤ ዕድሜው 65 ለሞላ፣ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ላልሞላው ዖሌ ሐዳሽ፣ ሽያጩ በንግግር ከሆነ 4 ወር ነው።

አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን ለሙሉ ፈረቃ አታድርጉት። አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አውልቆ እግርን ማየት፤ የቀላ ቦታ ካለ ያ ቦታ ነገ ይቆስላል። ስኳር ያለባችሁ ጠዋት ጠዋት ከመጫማታችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን ዳስሱ። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጃቸውን መጫወቻ ረግጠው ውለዋል፣ ሳይሰማቸው። ወደ ኩፓት ሆሊም ስትመጡም የሥራ ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ ኑ። አብዛኛው ሰው ለሐኪም ሲመጣ የሰንበት ጫማውን ነው የሚያደርገው፤ የሚያቆስለው ያኛው ግን ቤት ነው ያለው።

የእኚያ አባት ቁስል ለመዳን ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። አሁን ሰፊ ጫማ አላቸው፤ አሠሪያቸው ነው የሰጣቸው፣ ሲጠይቁ።